ሥራዬ ቀለለ፣ እኔ ግን ደነዘዝኩ

የመዝገብ ሰው
ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሂሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። ዋናው ሥራዬ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነበር፤ የእኛን መዝገብና የባንኩን መግለጫ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማደን። ወር በተዘጋ ቁጥር አራት አምስት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። አሁን አዲስ ሶፍትዌር ገብቶ ያንን አምስት ቀን በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ለእኔ የቀረልኝ ማሽኑ የተጠራጠረበትንና በቢጫ ያቀለመውን መስመር አይቼ «ጸድቋል» የሚለውን መጫን ነው።

ማንም አላባረረኝም፤ ደመወዜም አልተነካም። አለቃዬ እንዲያውም «አሁንስ እፎይ አልሽ» ይለኛል። እፎይ ግን አላልኩም። ከቀትር በኋላ ዓይኔ ተከፍቶ አእምሮዬ የተኛ ይመስለኛል። ቀድሞ ሦስት ቀን የፈለግኩትን ልዩነት ሳገኘው ከወንበሬ ብድግ የምል ሰው ነበርኩ፤ አሁን ከወንበሬ የሚያስነሳኝ የመውጫ ሰዓት ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መመዝገቡ በቢጫ ተቀልሞ ፊቴ ቀርቦ ሳለ ሳላስተውል አጸደቅኩት። ስህተቱን ያገኘው ሌላ ሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ነገር አምልጦኝ አያውቅም።

በእንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ልብ ሰጥቶ መሥራት እንዴት ይቻላል? ማደግስ? «ሥራ ቀይሪ» ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ አስቤበታለሁ። ልሄድባቸው ያሰብኳቸው መሥሪያ ቤቶችም ተመሳሳዩን ሶፍትዌር እየገዙ ነው።

ሰባት ሰርተፍኬት
መልሱ አጭር ነው፤ ተማሪ። የመረጃ ትንተና፣ ፕሮግራም መጻፍ፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀም፣ ሁሉም በኢንተርኔት አለ። እኔ በሁለት ዓመት ሰባት ሰርተፍኬት ይዣለሁ።

ጠርጣራው
ከሰባቱ ስንቱ ሥራህን ለወጠው?

ሰባት ሰርተፍኬት
ጥያቄው ቆንጥጦኛል፤ እውነቱን ልናገር። አንዱ ብቻ ነው። ስድስቱን የወሰድኩት ወደ ኋላ እየቀረሁ መሰለኝና ነው። ሰባተኛውን ግን በየሳምንቱ የሚያሰቃየኝ አንድ ሪፖርት ስለነበር እሱን ለመገላገል ተማርኩ። የተማርኩትን በማግስቱ ሥራ ላይ አዋልኩት፤ እስከ ዛሬም እጄ ላይ አለ። ከስድስቱ ውስጥ አሁን ፈትኑኝ ብትሉኝ ግማሹን እወድቃለሁ።

ጠርጣራው
ስለ ቅንነትህ አመሰግናለሁ። አሁን ለጠያቂዋ። እህቴ፣ ሥራ ልብ የሚሰጡት ነገር መሆን አለበት ያለሽ ማን ነው? ጋሉፕ የተባለው የጥናት ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ለሥራቸው ልባቸውን የሰጡ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2023 23 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ 21 በመቶ ነበሩ። ከአምስት ሰው አራቱ ማለት ይቻላል እንዳንቺ ነው። ይህን ቁጥር እያነሱ «አቤት የሠራተኛው መቀዝቀዝ» የሚሉት ደግሞ መድኃኒቱንም የሚሸጡ ናቸው፤ ጋሉፕ ራሱ ለድርጅቶች የማማከር አገልግሎት ይሰጣል። እኔ ጉልበቴን እሸጣለሁ፣ ደመወዜን እቀበላለሁ፣ ልቤን ለቤተሰቤ አስቀምጣለሁ። ሥራሽ ከቀለለ ደስ ይበልሽ፤ የተረፈሽን ጉልበት ከቢሮ ውጭ አውጪው።

የመዝገብ ሰው
ወንድሜ፣ ምክርህን ንቄ አይደለም፤ ሁለት ወር ሞክሬዋለሁ። የተረፈ ጉልበት ግን አላገኘሁም። አምስት ቀን ስባዝን ከምመለሰው ይልቅ ቀኑን ሙሉ «ጸድቋል» ስል ውዬ ስገባ ነው የሚደክመኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጡረተኛው መሐንዲስ
ልጄ፣ እኔ የምለው አለኝ። በኃይል ማመንጫ መቆጣጠሪያ ክፍል 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ያንቺ ሕመም ለእኛ አዲስ አይደለም። ሊዛን ቤይንብሪጅ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለዚሁ ጉዳይ አጭር ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ሐሳባቸውን በራሴ ቃል ልንገርሽ። ማሽን ሠሪው ሊያሠራው የቻለውን ሁሉ ለማሽኑ ይሰጥና ያቃተውን ለሰው ይተወዋል። ስለዚህ ለሰው የሚደርሰው የተመረጠ ሥራ ሳይሆን ትራፊ ነው፤ ያውም ከባድ ከባዱ ትራፊ። ከዚያም ሰውየውን «ማሽኑ ሲሳሳት አንተ አርም» ይሉታል። ማሽኑ የሚሳሳተው ደግሞ ነገሩ ሲወሳሰብ ነው፤ ሰውየውም በዚያን ሰዓት እጁ ከሥራው ከራቀ ዓመት አልፎታል። ሰው ይበልጥ መሠልጠን የሚያስፈልገው ማሽኑ ይበልጥ ሲሻሻል መሆኑ ነው እንቆቅልሹ።

ሌላም ነገር ጽፈዋል። እምብዛም የማይለዋወጥን ነገር ከግማሽ ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ በንቃት መከታተል ለትጉ ሰው እንኳን የማይቻል መሆኑን ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ አንቺ ቀኑን ሙሉ ቢጫ መስመር ስታዪ ውለሽ አንዱ አመለጠሽ። የሚገርመው ያ አይደለም፤ አንዱ ብቻ ማምለጡ ነው። የሚደክምሽም ለዚህ ነው። ምንም ካልሆነ ነገር ላይ ዓይንን ተክሎ መዋል ሥራ ከመሥራት ይልቅ ያደክማል።

አብራሪዎችም ደርሶባቸዋል። አውሮፕላኑን በአብዛኛው የሚያበረው ኮምፒውተሩ ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 አብራሪዎች ሁኔታው በሚፈቅድበት ጊዜ በእጃቸው እንዲያበሩ አየር መንገዶች ያበረታቱ ዘንድ መልእክት አስተላልፏል። እኛም በክፍላችን አንድ ሕግ ነበረን። ማሽኑ መልሱን ከማሳየቱ በፊት ተረኛው የራሱን ግምት በወረቀት ይጽፋል። ልብ በይ፣ ከማሳየቱ በፊት ነው። መልሱን አይቶ «እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር» የማይል ሰው የለም።

ስለዚህ በየወሩ አንድ ሂሳብ ምረጪ። ለማሽኑ ከመስጠትሽ በፊት አንቺ አስታርቂው። ከዚያ አወዳድሪ።

ቃል ለቃሚ
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እዚህ ውይይት ላይ «ልብ መስጠት» ይባላል፤ በየስብሰባው ደግሞ «ተነሳሽነት» የሚሉት ቃል አለ። ተነሳሽነት ከመነሻው ያለ ጉልበት ነው፤ ሰው ተነሳስቶ ጀምሮ በሦስተኛው ቀን ሊተወው ይችላል። ጠያቂዋ የጎደላት እሱ አይመስለኝም። እኔ «መጠመድ» የሚለውን እመርጣለሁ። በሬ በቀንበር ይጠመዳል፤ ሰውም በሥራ ይጠመዳል። ለመጠመድ ደግሞ የሚጎተት ነገር መኖር አለበት። ከኋላው ምንም የሌለ ቀንበር የተሸከመ በሬ አርሷል አይባልም፤ ዞሯል እንጂ።

ጠርጣራው
በሬው ግን ተጠምዶ ሲያርስ ስለ ዕድገቱ አይጨነቅም።

ቃል ለቃሚ
ተቀብያለሁ። ምሳሌ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል።

የሌሊት ተረኛ
ነርስ ነኝ። በእኔም ክፍል የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና የኦክስጅን መጠኑን ማሽን ይከታተላል፤ ሲዛባ ይጮኻል። ጩኸቱ በዝቶ ከመለመዱ የተነሳ የማንሰማበት ሌሊት አለ። ስለዚህ የአባታችን የመሐንዲሱ ነገር ገብቶኛል።

እኔን ያቆየኝ ግን ሌላ ነው። ኤሚ ርዜስኒየፍስኪና ጄን ደተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን ጉዳይ አንስተው ነበር። ሥራቸው በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ «ማጽዳት ነው» ብለው የታዘዙትን አድርገው ይሄዳሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከሕሙማንና ከጠያቂዎች ጋር ይነጋገራሉ፣ የክፍሉን የሥራ ፍሰት አይተው የራሳቸውን ጊዜ ያስተካክላሉ፣ ራሳቸውንም ከሚያክሙት ወገን ይቆጥራሉ። ማንም ሳያዛቸው የሥራቸውን ወሰን በራሳቸው እጅ አንቀሳቅሰውታል።

እኔም እንዲሁ አደረግኩ። ማሽኑ የማያየውን ያዝኩ። በሽተኛው ትናንት ሲያዋራኝ ነበር፤ ዛሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ይህን የሚመዘግብ ስክሪን የለም። ግን ወጥመዱንም ልንገርሽ፤ ማንም አይነግርሽምና። የሥራሽን ወሰን በራስሽ ስታሰፊ፣ ያሰፋሽው ቦታ ሳታውቂው ግዴታሽ ይሆናል። አንድ ሰሞን የአራት ሰው ሐዘን ተሸክሜ ወደ ቤት ስገባ ከረምኩና ለልጆቼ የሚሆን ቃል አጣሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ስትጨምሪ አንድ ነገር አስቀንሺ።

ጀማሪዋ
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል። እኔም በሂሳብ ሥራ ላይ ነኝ፤ ስምንት ወር ሆኖኛል። ስገባ ሶፍትዌሩ ቀድሞኝ ነበር። እናንተ ሁላችሁም ያጣችሁትን ትናፍቃላችሁ። እኔ የሚናፈቅ እንኳን የለኝም። ቢጫ መስመር አያለሁ፣ «ጸድቋል» እላለሁ። ልክ ይሁን ስህተት በምን አውቃለሁ? ማሽኑን እንድቆጣጠር የተቀጠርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ከማሽኑ ያነሰ ነው የማውቀው። ይህን በቢሮ ጮክ ብዬ ለመናገር አፍራለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሠራችው እህቴ ያን ሁሉ ልዩነት እንዴት ነበር የምታገኘው?

የመዝገብ ሰው
ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም ነበር። ተቀምጬ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ያ እንዳለ ሆኖ። ሁለተኛ፣ ከልዩነቱ ጋር መጣላት አይደለም፤ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። መዝገቡ ላይ ያለውንና ባንኩ ያለውን ቀንሺና የቀረውን ቁጥር እዪው። በመጀመሪያ ያው ቁጥር እንዳለ ከመዝገቡ ወይም ከመግለጫው ላይ ካለ፣ አንዱ ወገን ያልመዘገበው ነገር ነው፤ ያልተመነዘረ ቼክ ወይም የባንክ አገልግሎት ክፍያ ይሆናል። ከሌለ ለ2 አካፍዪው። ግማሹ ከመዝገቡ ላይ ካለ፣ በዴቢት (በግራው ዓምድ) መግባት የነበረበት በክሬዲት (በቀኙ ዓምድ) ገብቷል፤ አንዱን ስህተት እጥፍ የሚያደርገው ወደ ተቃራኒው ወገን መሄዱ ነው።

ይህም ካልሠራ ለ9 አካፍዪው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ የጻፈው ሰው ሁለት አሃዞችን አዟዙሮ ሊሆን ይችላል። 54 መሆን ያለበት 45 ቢባል ልዩነቱ 9 ነው። 720 መሆን ያለበት 270 ቢባል 450 ነው፤ እሱም ለ9 ይካፈላል። ይህን ያስተማሩኝ ሴት ካልኩሌተር እንኳን አይነኩም ነበር፤ የእርሳሳቸውን ጫፍ እየነከሱ ወደ ላይ ያያሉ፣ ከዚያ «መዟዟር ነው» ይላሉ። እንደ አስማት ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ዓመት ሙሉ እኚህን ሴት አላሰብኳቸውም ነበር። አሁን ስጽፍልሽ ትዝ አሉኝ።

ነጥብ ነቃሽ
ማረሚያ። ለ9 መካፈል ሁልጊዜ የአሃዝ መዟዟር ማለት አይደለም። ዜሮ ሲዘነጋም ይመጣል። 1,500 የነበረው 150 ተብሎ ቢገባ ልዩነቱ 1,350 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 150 ይሰጣል።

የመዝገብ ሰው
እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን የተካፈለው ውጤት ራሱ ከመዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚገኝ ይቀላል።

የቡድን መሪ
ከአለቆች ወገን የመጣሁ ነኝ፤ ድንጋይ አትወርውሩብኝ። በቡድኔ ውስጥ ተመሳሳይ ሶፍትዌር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለበላዮቼ ያቀረብኩት ሪፖርት «በወር 140 የሥራ ሰዓት ተቆጥቧል» ይላል። እውነት ነው፤ ተቆጥቧል። የጀማሪዋን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ግን በእነዚያ 140 ሰዓታት ውስጥ ሰው ይማርባቸው እንደነበር አንድም መስመር አለመጻፌ ትዝ አለኝ። አንጋፋዎቹ ጡረታ ሲወጡ ማሽኑን ማን ያርመዋል? በሪፖርቴ ውስጥ መልስ የለም።

ዊልያም ካን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ሰው ሙሉ ማንነቱን ይዞ ሥራ ላይ የሚገኘው መቼ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። የክረምት ካምፕ መሪዎችንና የአንድ አርክቴክቶች ቢሮ ሠራተኞችን አጥንቶ ሦስት ነገር አገኘ፦ ሥራው ትርጉም ሲሰጠው፣ ሐሳቡን ቢናገር እንደማይጎዳ ሲተማመን፣ አካሉና አእምሮው አቅም ሲኖራቸው። ከሦስቱ ሁለተኛው ነው እኔን የነካኝ። በቡድኔ ውስጥ ይህቺ ጀማሪ ብትኖር ኖሮ «አላውቅም» ብላ ትነግረኝ ነበር? አይመስለኝም።

ለጠያቂዋ አንድ ተግባራዊ ነገር። አለቃሽ ዘንድ ሄደሽ «ሰለቸኝ» አትበዪ። አለቃ ይህን ሲሰማ «ተጨማሪ ሥራ ስጡኝ» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ይልቅ ማሽኑ የተሳሳተባቸውን መስመሮች መዝግቢ፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ ምክንያቱን። ያን ወረቀት ይዘሽ ግቢ።

*(ከስድስት ሳምንት በኋላ)*

የመዝገብ ሰው
ተመልሻለሁ። አንዳንዱ ሆነ፣ አንዳንዱ አልሆነም።

የአባታችንን ምክር ተከትዬ አንድ ሂሳብ መርጬ ማሽኑ ሳያየው ለማስታረቅ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቀን አሳፋሪ ነበር። ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ቀንና ግማሽ ፈጀሁበት፤ እጄ ዝጓል። በሁለተኛው ወር ተሻለኝ። ከማሽኑ ጋር ሳወዳድር ሁለት ቦታ ላይ ተለያየን፤ በአንዱ እኔ ተሳስቼ ነበር፣ በሌላው እሱ።

የስህተት መዝገቡ ነው ያልጠበቅኩትን ያመጣው። 23 መስመር ከሞላ በኋላ ምክንያቶቹን ስደረድራቸው 14ቱ ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት። ዕቃ ተከፋፍሎ በሁለት ጊዜ ሲገባ ግምጃ ቤቱ ሁለት የገቢ ሰነድ ያዘጋጃል፤ አቅራቢው ግን አንድ ደረሰኝ ይልካል፤ ክፍያውም አንድ ነው። ማሽኑ አንዱን ክፍያ ከሁለቱ ሰነዶች ጋር ማጣመር ያቅተዋል። ዘጠኝ ዓመት ግምጃ ቤቱን በስልክ እንጂ በእግሬ ረግጬው አላውቅም ነበር። ሄድኩ። ሠራተኛው «ይህን ቁጥር ለምን እንደምትፈልጉት ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለኝ። አሁን ሁለቱም ሰነድ ላይ የግዢ ማዘዣውን ቁጥር ይጽፋል። ቢጫው ቀንሷል።

ያልሆነው ደግሞ፦ የሥራ መደቤ መጠሪያ እንዲስተካከልና ጀማሪዎችን ማሠልጠን በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ እንዲገባ ጠይቄ ነበር። አለቃዬ መዝገቡን ወዶታል፤ ስለ መደቡ ግን «በሚቀጥለው በጀት ዓመት እናየዋለን» አለኝ። ከሳምንቱ ሁለቱ ቀን አሁንም እንደቀድሞው ደረቅ ነው፤ አልዋሻችሁም።

ጠርጣራው
ደስ ብሎኛል፤ የምሬን ነው። ግን አየሽ፣ ግምጃ ቤቱን ያስተካከልሽው አንቺ ነሽ፣ ሰዓቱን የቆጠበው ድርጅቱ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው የሶፍትዌሩ ስም ነው። «በሚቀጥለው በጀት ዓመት» የሚለውን በጽሑፍ ተቀብለሻል?

የመዝገብ ሰው
አልተቀበልኩም።

ጠርጣራው
ዛሬውኑ ኢሜይል ላኪ። «በተነጋገርነው መሠረት» ብለሽ ጀምሪና የተባለውን በሁለት መስመር አስፍሪ። መልስ ባይሰጥሽም ቀኑ ይቀመጣል። ልብ መስጠትሽን አልቃወምም፤ ያለ ደረሰኝ መስጠትሽን ነው የምቃወመው። የሂሳብ ሰው ሆነሽ ይህ ይጠፋሻል?

የመዝገብ ሰው
አሳቅከኝ። ልኬዋለሁ።

የሌሊት ተረኛ
ማሠልጠኑን ከጨመሩልሽ ምን እንደሚቀንሱልሽም እዚያው ላይ ጻፊ።

ጡረተኛው መሐንዲስ
እኔ ደግሞ ያቺን ማሽኑን የረታሽባትን መስመር ነው የምጠይቅሽ። ምን ነበረች?

የመዝገብ ሰው
ተመላሽ የሆነ ክፍያ ነበር፣ አባቴ። መጠኑ ከሌላ ደንበኛ ክፍያ ጋር እኩል ስለሆነ ማሽኑ ሁለቱን አጣምሮ ዘጋቸው። ቢጫም አላደረገውም። እኔ ያየሁት ደንበኛውን ስለማውቀው ነው፤ በወሩ መጨረሻ ከፍሎ አያውቅም።

ጀማሪዋ
እኔም የምነግራችሁ አለኝ። አለቃዬን በወር አንድ ሂሳብ በእጄ እንድሠራ ፈቃድ ጠየቅኩት፤ ግራ ገባው፣ ግን ፈቀደ። ልዩነቱ 270 መጣ። 270 የሚል መስመር በሁለቱም ወገን የለም። ለ2 አካፈልኩ፤ 135 የሚባል ክፍያ የለም። ለ9 አካፈልኩ፤ 30፣ ያለ ቀሪ። ዜሮ የተዘነጋበት እንዳይሆን 30 ፈለግኩ፤ የለም። ከዚያ ትንሽ አሰብኩ። የመቶ ቤቱና የአሥር ቤቱ አሃዝ ቢዟዟሩ ልዩነቱ የ90 ብዜት ይሆናል፤ 270 ለ90 ደግሞ 3 ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለት አሃዞች በ3 የሚበላለጡበትን መስመር ብቻ መፈለግ ነው። ከሁለት መቶ መስመር አሥራ ስምንት ቀረኝ። አሥራ አንደኛው ላይ አገኘሁት፤ በእኛ መዝገብ 4,852፣ በባንኩ 4,582። ማሽኑ ሁለቱንም «ያልተጣመረ» ብሎ ትቷቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አይልም።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

የመዝገብ ሰው
ጎበዝ! ግን ገና አላለቀም። የተሳሳተው የእኛ መዝገብ ነው ወይስ ባንኩ? አትገምቺ። ዋናውን ደረሰኝ ከፋይሉ አውጪና ምን እንደሚል ነገ ንገሪኝ።